ከ«ጠቢብ» ወደ «ጠይብ»

ቃላትም እንደ ሹማምንት ይሾማሉ፤ እንደ ሹማምንትም ይሻራሉ። በግእዝ «ጠቢብ» ማለት ዐዋቂ፣ ብልኅ፣ የነገርን ሥር መርምሮ የሚደርስበት ሰው ማለት ነው። ሰሎሞን ጠቢብ ነው። እኛም የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች «ኪነ ጥበብ» ባልን ቁጥር ከዚሁ ሥር የበቀለውን ቃል በክብር እንጠራለን። ይኸው ቃል ከቅኔ ማኅሌት ወጥቶ ወደ ገበያ ሲወርድ ግን በመካከሉ ያለችው «ቢ» ላልታ «ይ» ሆነችና «ጠይብ» ተባለ። ከፊደሉ ጋር ክብሩም ወረደ። ጠይብ በመጀመሪያ ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ሸክላ የሚሠራ፣ በእጁ የሚያድር ሰው ማለት ነበር። ቀጥሎ ሌሊት ጅብ ሆኖ የሚወጣ፣ በዓይኑ ሰው የሚበላ ቡዳ ማለት ሆነ።

ለዚህ ውድቀት አዋጅ አልታወጀም፤ ጉባኤም አልተቀመጠም። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ፣ እንዲሁም በጎጃምና በጎንደር፣ ማንም ክፉ ሥራ እየሠራሁ ነው ብሎ ሳያስብ፣ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ በአፍና በእጅ የተላለፈ ነገር ነው። እኔን የሚይዘኝም ይህ «ሳያስብ» የሚለው ቃል ነው። ስለ ዘር መድልዎ ስናነብ ሐሳባችን ወዲያው የሚሮጠው ወደ ደቡብ አፍሪካ የይለፍ ደብተር ወይም ወደ አላባማ አውቶቡስ ነው። በዚያ መድልዎው ተጽፏል፤ ሕግ ወጥቶለታል፤ ሰሌዳ ተሰቅሎለታል። በእኛ ደጋ የነበረው ግን ሰሌዳ አልነበረውም። የሚፈጽመው ሰው እንኳ ጥላቻ ብሎ አይጠራውም፤ ወግ ነው፣ ጥንቃቄ ነው፣ ቢበዛም ጨዋነት ነው ይለዋል።

«ጨዋነት» ስል ዝም ብዬ አልመረጥኩትም። ይህ ቃል ራሱ ምስክር ነው። በመካከለኛው ዘመን ዜና መዋዕሎች ጨዋ ማለት የንጉሥ ጭፍራ ነው። ኋላ ከባርነት ነፃ የሆነ፣ የደህና ሰው ልጅ፣ አጥንቱ የታወቀ ማለት ሆነ። (በካህናት አፍ ደግሞ ፊደል ያልቆጠረ ምእመን ማለት መሆኑ ሌላው ቀልድ ነው።) ዛሬ ጸባዩ ያማረ፣ ምላሱ የታረመ ሰው «ጨዋ» ይባላል። እንግዲህ አንድን ልጅ በጸባዩ ስናመሰግነው ሳናውቀው በአጥንቱ አመሰገንነው ማለት ነው። አጥንቱ ያልተቆጠረለት ሰው የቱንም ያህል ትሑት ቢሆን ቃሉ በልኩ አልተሰፋለትም።

ሌላ ጥንድ ልጨምር። እንጀራ አሳምራ የምትጋግር፣ ጠላ የምታጠራ፣ ወጥ የሚሆንላት ሴት «ባለሙያ» ናት፤ ምስጋና ነው። ምጣዱንና ጋኑን የሠራችላት ሴት ግን «ባለ እጅ» ናት፤ ስድብ ነው። አንዲቱ ሙያ አላት፤ ሌላይቱ እጅ አላት። ሁለቱም ቃላት ሲፈቱ ያው አንድ ችሎታ ናቸው፤ ነገር ግን አንደኛው በፊት ለፊት ይነገራል፣ ሁለተኛው በጆሮ ይንሾካሾካል።

ነገሩ እንዴት እንደ ሠራ ለማየት ከመሬቱ መነሣት ይሻላል። መንዝ በልማድ በሦስት ይከፈላል፤ ላሎ ምድር፣ ማማ ምድር፣ ጌራ ምድር። አብዛኛው አገር ወደ ሦስት ሺህ ሜትር ከፍታ የሚጠጋ፣ ገብስና በግ የሚኖርበት፣ ነፋሱ የማይዝል ደጋ ነው። በምዕራብ በኩል የጀማ ወንዝ ገደል ወርዶ ወርዶ መርሐቤቴን ከጎረቤቶቿ ይለያል፤ በሰሜን ግሼ አለ። በዚህ አገር ሰው የሚታወቀው በርስቱ ነበር። ርስት ደግሞ በገንዘብ አይገኝም፤ በአባትም በእናትም ዘር ቆጥሮ ከመጀመሪያው አቅኚ አባት በመድረስ ነው። የጓሳን ሜዳ ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ የሚሆነውን ያን ሣር አጭዶ የመውሰድ መብት የአስቦና የጌራ ዘር ለሆኑት ነበር፤ በየጊዜው በተመረጠ «ቄሮ» ይጠበቅ ነበር። ጓሳን ለብዙ መቶ ዓመታት ከጥፋት ያተረፈ የተደነቀ ሥርዐት ነው፤ የተፈጥሮ ጥበቃ ሰዎችም እስከ ዛሬ ያወድሱታል፤ ይገባዋልም። ነገር ግን በሩ የዘር ቆጠራ ነበር። አቅኚ አባት የሌለው ሰው ሣርም የለውም።

ቀጥቃጩ አቅኚ አባት አልነበረውም። ወይም ቢኖረውም የሚቆጥርለት አልነበረም። ከሰው መሬት ዳር፣ ከጥግ፣ በጭሰኝነት ወይም በአስጠጊ ፈቃድ ጎጆ ቀልሶ ወናፉን ይነፋል። የሚሠራው ግን ያለ እርሱ የማይኖር ነገር ነው። ገበሬ ያለ ማረሻ ገበሬ አይደለም። ማጭድ፣ ምሳር፣ ዶማ፣ የበር ማጠፊያ፣ የጦር ጫፍ ሁሉ ከዚያ ጎጆ ይወጣል። የሚስቱ ምጣድ በየቤቱ እሳት ላይ ተጥዷል፤ ጀበናዋ በየረከቦቱ ተቀምጧል፤ በጋኗ ለተዝካርም ለሠርግም ይጠመቃል። ምጣዷ ከጓዳ ይገባል፤ እርሷ ግን ከደጅ ትመለሳለች። በምጣዷ የተጋገረውን እንጀራ ሰው ሁሉ ይበላል፤ ከእርሷ ጋር በአንድ ገበታ የሚቀርብ ግን ጥቂት ነው።

የእጅ ሥራን ስለናቁ ነው የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ይሰጣል። እኔ አያጠግበኝም። በመንዝ ባለርስቱ ራሱ እርፍ ጨብጦ ያርሳል፤ ማረስ ክብር ነው። ሴቶቹ የበግ ጠጉርና ጥጥ ይፈትላሉ፤ የትልቅ ሰው ሚስትም እንዝርት ስትጨብጥ አትዋረድም። የመንዝ ባና ያለ እጅ አልተሠራም። ስለዚህ የተናቀው እጅ አይደለም። የተናቀው ሰውየው ነው፤ ሥራው ሰበብ ነው። በመሬቱ ዘር ቆጠራ ውስጥ ስም ያልተገኘለት ሰው ለምን እንዳልተገኘለት ማስረጃ ያስፈልግ ነበርና ማስረጃው ተፈለሰፈ።

ማስረጃው ተረት ነው። ሮናልድ ሬሚኒክ የተባለ አሜሪካዊ የባህል ተመራማሪ ስለ መንዝ አማራ ባጠናበት ጊዜ የሰበሰበውን ተረት እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ ቡዳ እምነት ባሳተመው ጽሑፍ ውስጥ አስፍሮታል። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። ሔዋን ሠላሳ የሚያማምሩ ልጆች ነበሯት። እግዚአብሔር ልጆችሽን አሳዪኝ ባላት ጊዜ ፈራችና ዐሥራ አምስቱን ደበቀች። የታዩት ተመርጠው የሰው ዘር ሆኑ፤ የተደበቁት እንደ ተደበቁ ቀሩ፤ የስውር ነገር ሁሉ፣ የቡዳም ዘር ከእነርሱ ወጣ።

ይህን ተረት ቀስ ብላችሁ እዩት። ልጆቹ ያጠፉት አንዳች ነገር የለም። የደበቀቻቸው እናታቸው ናት። ውበታቸውም ከወንድሞቻቸው አላነሰም፤ ሁሉም ያማምሩ ነበር። ተራኪው ሳያውቀው ትልቅ ነገር አምልጦታል። ባለርስቱና ቀጥቃጩ ወንድማማች መሆናቸውን፣ ልዩነታቸውም የጥፋት ሳይሆን የመታየትና ያለመታየት መሆኑን ተናግሯል። እንዲህ ያለ ተረት ስድብ ለሚፈልግ ሰው አይመችም። ሕሊናውን ማስተኛት ለሚፈልግ ሰው ግን ይመቻል። የተደበቀውን ወንድም አላየሁትም ማለት ይቻላልና።

እንግዲህ ወደ አዋጁ እንለፍ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ ዐወጁ። ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ የሚጽፈውን ጠንቋይ እያላችሁ፣ ሸማኔውንና ነጋዴውንም በሥራው እያዋረዳችሁ አገሬን ባዶ አስቀራችሁ የሚል መንፈስ ያለው ቁጣ ነው፤ ተሳዳቢውም አንድ ዓመት እንዲታሰር ያዝዛል። ክርክሩን ያቆመበት መሠረት አዳምና ሔዋን ናቸው። ሁላችንም ከአንድ አባትና ከአንድ እናት ተወልደናል፤ ስለዚህ አንዱ ሌላውን በዘሩ ሊንቅ አይገባም ይላል።

አዋጁን ሳነብ ሁልጊዜ የማስበው ያንን ተረት ነው። የምኒልክ ቤት ራሱ ከመንዝ የወጣ ነው፤ የሸዋን መንግሥት የቆረቆሩት ነጋሲ ክርስቶስ ከመንዝ ተነሥተው ነው። ንጉሡ ሔዋንን ለእኩልነት ምስክር አድርገው ሲጠሩ፣ በአያቶቻቸው አገር ሔዋን ቀድማ ለሌላው ወገን መስክራለች፤ ልጆቿን ለሁለት ከፍላለች። አዋጁ «ከሔዋን ተወለዳችሁ» ቢል ሰሚው ራሱን ይነቀንቃል፤ በልቡ ግን «አዎን፤ የትኞቹ?» ይላል። ይህ እኮ ማመፅ አይደለም። አዋጁን የጣሰም አይመስለውም።

ከዚያም በላይ አዋጁ የያዘው አፍን ነው። ስድብ ይሰማል፤ ምስክር ይቆጠርበታል። ነገር ግን ጠይቡን ከማኅበር ያስቀረው ስድብ ብቻ አልነበረም። እንዲያውም ቡዳ ነው የሚባል ሰው ፊት ለፊት ሲሰደብ የሚሰማው ከስንት አንዴ ነው፤ ይፈራላ! ሰላምታው ይሰጠዋል፤ ዋጋው ይከፈለዋል፤ «እንደምን ዋልክ» ይባላል። እርሱ ካለፈ በኋላ ምግቡ ይከደናል፤ የሕፃኑ ክታብ ይታያል፤ ሕፃኑ ላይም «እንትፍ እንትፍ» ይባላል። ለዚህ የሚሆን አንቀጽ በምኒልክ አዋጅ ውስጥ የለም፤ በየትኛውስ መንግሥት አዋጅ ይገኛል?

በአዋጁ ዙሪያ ደግሞ ሌላ ነገር ነበር። አልፍሬድ ኢልግ የተባለው የስዊስ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1879 ሸዋ ደረሰ። የመጣው በእጁ ሙያ ነው፤ ብረትና ድንጋይ፣ ቧንቧና ድልድይ ሥራው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1897 የመንግሥት አማካሪ ሆነ። ከዚያ ቀደም ብሎ ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት መድፍ ያሠሯቸውን አውሮፓውያን በሹመትና በሽልማት አክብረዋቸው ነበር። እነዚህ ሰዎች እሳት ፊት ቆመው ብረት አቅልጠዋል፤ ጅብ ይሆናሉ ብሎ የሸሻቸው ባለርስት ግን በታሪክ አልተጻፈም። የአገሩ ቀጥቃጭ የሚያውቀውን እሳት ያውቃሉ፤ የሚያነሡትን መዶሻ ያነሣሉ። ለአንዱ መዶሻው ሹመት አመጣለት፤ ለሌላው ጅብነት። ሥራው ሰበብ ነው ያልኩት ለዚህ ነው።

የውጭ ሰዎችም ይህን ነገር ቀድመው አይተውታል። እ.ኤ.አ. ከ1841 ጀምሮ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ሸዋ የነበረው የእንግሊዝ መልእክተኛ ዊሊያም ሃሪስ በ1844 ባሳተመው መጽሐፉ በአንኮበር አካባቢ ስለሚኖሩ ባለ እጆች ጽፏል፤ የጠራቸውም በቀድሞው ስማቸው፣ «ጠቢባን» ብሎ ነው። ሥራቸው ይፈለጋል፤ እነርሱ ግን አስማተኞች ተብለው ይፈራሉ። ስሙ ገና ሙሉ በሙሉ ሳይወርድ ፍርሃቱ ቀድሞ ደርሷል ማለት ነው።

ፍርሃት አልኩ። የዚህ መድልዎ ልዩ ጠባይ እዚህ ላይ ይመስለኛል። መሬት ያለው፣ ዳኝነት ያለው፣ ደብሩም ማኅበሩም የእርሱ የሆነው ሰው፣ መሬትም ዳኛም የሌለውን ሰው ይፈራል። ኃይለኛው ራሱን ተበዳይ አድርጎ ያያል። «እኔ ማንንም አልጠላም፤ ልጄን ልጠብቅ ብዬ እንጂ» ይላል፤ ሲል ደግሞ ከልቡ ነው። ጠላሁ ብሎ የሚያውቅ ሰው አንድ ቀን ሊጸጸት ይችላል፤ ተጠነቀቅሁ ብሎ የሚያምን ሰው በምን ይጸጸታል?

ጥንቃቄው ራሱን እንዴት እንደሚመግብም እንይ። ሕፃን ታመመ። ትናንት ገበያ ተወስዶ ነበር። ማን አየው? አርባ ሰው አይቶታል፤ አክስቱ «እንዴት ያምራል!» ብላዋለች፤ ቄሱ ባርከውታል። ከአርባው መካከል የሚታወሰው ግን አንድ ነው፤ ምጣድ የምትሸጠዋ ሴት ቀና ብላ አይታዋለች። ሕፃኑ ከዳነ ክታቡ ሠራ፤ ካልዳነ ዓይኗ በረታ። እርሷ ቀና ብላ ብታይ በላች ነው፤ አቀርቅራ ብታልፍ ዓይኗን ምን አስደበቃት ነው። ደግ ብትሆን ለማዘናጋት፣ ብትቆጣ ጉድ ሊፈላ ነው። የትኛውም መንገድ ከደጃፏ አይወጣም።

በሽተኛው «ቡዳ በላው» ሲባል ደግሞ ሥርና ቅጠል ይታጠናል፤ ጠበል ይረጫል፤ ከዚያም ይለፈልፋል። ማን በላህ? የት አገኘህ? ተብሎ ይጠየቃል፤ ከአፉም ስም ይወጣል። ይህ ስም ከወዴት መጣ? በሽተኛው አልዋሸም፤ አላሰበበትምም። ከመንደሩ ትውስታ ውስጥ ቀድሞ ተሰናድቶ የተቀመጠውን ስም ነው ያወጣው። ባለርስት ጎረቤቱ በላኝ ብሎ የለፈለፈ ሰው ቢኖር እንኳ ይህን መንደሩ ቅዠት ብሎ ያልፈዋል፤ የቀጥቃጩ ስም ሲወጣ ግን ምስክርነት ይሆናል። ይግባኝ የሚባልበት ፍርድ ቤት የለም።

ያለ ዕውቀት ስለሚሠራ አድልዎ የዘመናችን የሥነ ልቦና ሰዎች ብዙ ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 አንቶኒ ግሪንዋልድና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ሙከራ፣ ሰዎች የኮምፒዩተር ቁልፍ እየነኩ ስሞችን ከመልካምና ከክፉ ቃላት ጋር እንዲያዛምዱ ያደርጋሉ፤ የእጅ ፍጥነት ከአፍ ቃል የተለየ ነገር ሲናገር ይገኛል። ሙከራው የአንድን ሰው ምግባር ምን ያህል ይተነብያል በሚለው ላይ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ ክርክሩን ለእነርሱ ልተወው። እኔ የማውቀው የደጋው አገር ያለ ኮምፒዩተር ይህንኑ ሲለካ መኖሩን ነው። ባለ እጅ ወደ ደጅ ብቅ ሲል የእናት እጅ ነጠላውን በልጇ ፊት ላይ ይስባል። ሐሳቧ የሚደርሰው ከእጇ በኋላ ነው። ብትጠየቅ «ነፋስ እንዳይመታው» ትላለች፤ መንዝ ደግሞ ነፋስ አያጣም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የመልክ ነገር የለም። ቀጥቃጩ ቋንቋው ያው አማርኛ ነው፤ መልኩ ያው ነው፤ ብዙውን ጊዜ ጾሙም ያው ነው። በቆዳ ቀለም ረገድስ ንጹሓን ነን ማለቴ አይደለም። ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያልን የምንደረድራቸው ቃላት የጋብቻ ወሬ በተነሣ ጊዜ ከመልክ መግለጫነት ወደ ዋጋ መተመኛነት ይለወጣሉ። ባርነትን የሻረው ዐዋጅ በ1934 ዓ.ም. ቢወጣም «ባሪያ» የሚለው ቃል ከሰው አፍ በዚያው ዓመት አልወጣም። የጠይቡ ጉዳይ ግን አንድ ተጨማሪ ነገር ያስተምራል። አድልዎ የሚታይ ልዩነት እስኪያገኝ አይጠብቅም። ልዩነት ባይኖር ይሠራል። ቀለሙ አንድ ሲሆንበት «ዓይኑ» አለ። ዓይን ደግሞ ማንም ሊያጣራው የማይችል ቀለም ነው።

ይህ የዘር መድልዎ ይባላል ወይ? ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ አይጠፋም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1965 ያጸደቀው የዘር መድልዎን የማስወገድ ስምምነት፣ ኢትዮጵያም በ1976 የገባችበት፣ ዘርን፣ ቀለምንና የብሔር ምንጭን ሲዘረዝር «የትውልድ ሐረግ» የሚለውንም ጨምሯል። ስምምነቱን የሚከታተለው ኮሚቴም በ2002 ይህችን ቃል አብራርቶ፣ በትውልድ በሚወረስ ደረጃ የሚደረግ መድልዎ በስምምነቱ ውስጥ እንደሚካተት ገልጿል። ቀጥቃጩ እዚያ ውስጥ አለ። የሚያስገርመው ሌላው ነው። ኢትዮጵያ ከላይቤሪያ ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ1960 ደቡብ አፍሪካን በናሚቢያ ምክንያት በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ከስሳለች፤ ክርክሩም አፓርታይድን የሚመለከት ነበር። እስከ 1966 ተሟግታ ፍርድ ቤቱ የመክሰስ መብት የላችሁም ብሎ መዝገቡን ዘጋው። የሚያኮራ ሙግት ነው። በእነዚያው ስድስት ዓመታት በመንዝና በመርሐቤቴ የቀጥቃጭ ልጅ የባለርስት ልጅ ሊያገባ አይችልም ነበር። ይህን የከሳሾቹ ግብዝነት ነው ብዬ አላምንም፤ አልታያቸውም ነበር እንጂ። የሩቁን ለማየት ሰሌዳ ተሰቅሎላቸው ነበር፤ የቅርቡ ሰሌዳ አልነበረውም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሻረ። በጓሳ የነበረው የቄሮ ሥርዐትም በዚያው ፈረሰ። መሬት ለአራሹ ሆነ፤ አቅኚ አባት መቁጠር ቀረ፤ ቀጥቃጩም በሕግ እንደ ማንም ገበሬ መሬት የማግኘት መብት አገኘ። ተረቱ የቆመው በርስት ላይ ቢሆን ኖሮ አብሮት መፍረስ ነበረበት። አልፈረሰም። ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ የሚቆይ ጭስ እንዳለ ሁሉ፣ ርስት ሲሄድ ፍርሃቱ ቀረ። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በዘር፣ በቀለም፣ በማኅበራዊ አመጣጥ ልዩነት ሳይደረግባቸው በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ደነገገ፤ ያም አፍን እንጂ ነጠላ የምትስበውን እጅ አላገኛትም።

ከደጋው የወጡትም አላመለጡም። በአዲስ አበባ ቀጨኔ ሸክላ የሚሠሩና ሸማ የሚሸምኑ ቤተሰቦች አሉ፤ ከእነርሱ መካከል ሥራቸውና መነሻቸው ከሰሜን ሸዋ ባለ እጆች ጋር የሚያያዝ ብዙ ናቸው፤ ራሳቸውን ከቤተ እስራኤል ወገን የሚቆጥሩም አሉ። ከተማው ጀበናቸውን ይገዛል፤ ሰፈራቸውን ግን በሹክሹክታ ይጠራል።

ከጎንደር በኩል የነበሩት ቤተ እስራኤል፣ እነርሱም ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ስለነበሩ ጅብ ይሆናሉ፣ ደም ይመጣሉ ሲባሉ የኖሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1991 ወደ እስራኤል ሄዱ። በጥር 1996 አንድ የእስራኤል ጋዜጣ የደም ባንኩ ኢትዮጵያውያን የሚለግሱትን ደም ለዓመታት በድብቅ ሲደፋ መቆየቱን ጻፈ። የኤች አይ ቪ ሥጋት ነው ተባለ። ደማቸውን የሰጡት ሰዎች ይህን ሲሰሙ በሺህ እየሆኑ በኢየሩሳሌም አደባባይ ወጡ። በአንዱ አገር ደም ይመጣሉ ተብለው ተፈሩ፤ በሌላው አገር የሰጡት ደም ተደፋ። ባለሥልጣኖቹ ለሥራቸው የሰጡት ስም እኛ ከደጋው የምናውቀው ነው፤ ጥንቃቄ።

በደጋው እስከ ዛሬ ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች ተቀምጠው እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። ሥጋ ዘመዳሞች እንዳይጋቡ የወጣ መልካም ሥርዐት ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ትጠብቀዋለች። ከአባቱ ወደ አያቱ፣ ከአያቱ ወደ ቅድመ አያቱ፣ በእናቱም በኩል እንዲሁ፣ ስም በስም ይወጣል። ዝምድና እንደሌለ ከተረጋገጠ በኋላ ቆጠራው ማብቃት ነበረበት። አያበቃም። አንዱ ሽማግሌ ከሰባቱ መካከል በአንዱ ስም ላይ ቆም ይላል፤ ድምፁንም ዝቅ ያደርጋል። «ሥራው ምን ነበር?» ይላል።